«ሁለት ዶላር፣ ምን ጊዜም በቅድሚያ»፦ ስለ «ሰሜን ኮከብ» ጋዜጣ የጠየቃችሁን

ባለፈው እትማችን በአሜሪካ የባርነት ዘመን ይወጣ ስለነበረ አንድ ጋዜጣ በሁለት አንቀጽ ጽፈን ነበር፤ «ዘ ኖርዝ ስታር»፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰሜን ኮከብ»። አዘጋጁ ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ በ1838 ወደ ሰሜን ያመለጠ ሰው። ጽሑፋችን አጭር ነበር፤ ያመጣው ደብዳቤ ግን ብዙ ነው። ከሚደጋገሙት አንዳንዱን እየመረጥን መልሰናል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ጋዜጣ የሚያቋቁምበትን ገንዘብ ከየት አመጣ? የፀረ ባርነቱ ትግል ዋና ከተማ ቦስተን ሆና ሳለችስ በኒውዮርክ ግዛት ወዳለችው ሮቸስተር ለምን ሄደ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ገንዘቡ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ዳግላስ በ1845 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም የራሱንም የጌታውንም ስም፣ የተወለደበትንም ቦታ በግልጽ ጻፈ። ይህ ማለት በሕግ ተይዞ ሊመለስ ይችላል ማለት ነበር። ስለዚህ ወደ አየርላንድ፣ ስኮትላንድና እንግሊዝ ተሻግሮ እስከ 1847 ጸደይ ድረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲናገር ቆየ። እዚያ ያፈራቸው ወዳጆች በ1846 መጨረሻ 150 ፓውንድ አዋጥተው ለጌታው በመክፈል በሕግ ነጻ አስወጡት። ቀጥሎም ማተሚያና የእርሳስ ፊደል የሚገዛበት ከ2,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡለት።

በቦስተን ከጥር 1 ቀን 1831 ጀምሮ ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን የሚያዘጋጀው «ዘ ሊበሬተር» ነበረ። ዳግላስን ወደ መድረክ ያወጡት የጋሪሰን ሰዎች ናቸው፤ ጋዜጣ ላቋቁም ሲላቸው ግን አልወደዱለትም። የፀረ ባርነት ጋዜጣ ሞልቷል፣ አንተ የተሰጠህ አንደበት ነው፣ ብታቋቁመውም ይከስራል አሉት። በኪሳራው ነገር ብዙም አልተሳሳቱም፤ እሱን ከታች እናየዋለን። በሌላው ግን ተሳስተዋል።

ዳግላስ ኋላ እንደጻፈው ሮቸስተርን የመረጠው ስለ ሰላም ብሎ ነው። ቦስተን ላይ ቢቀመጥ የ«ሊበሬተር»ን አንባቢ መሻማቱ አይቀርም ነበር። ከተማዋም ለሥራው ትመች ነበር፤ የኢሪ ቦይ ያን ጊዜ በመካከሏ ያልፍ ነበር፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ቅርብ ነው፣ ከሐይቁ ማዶ ካናዳ ነው። ቢሮው ባፈሎ ጎዳና ቁጥር 25 ነበር። ጠዋት ሲመጣ ሌሊቱን ከባርነት ሸሽተው የደረሱ ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማግኘቱ እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ጽፏል።

የመጀመሪያው እትም ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀን 1847 ወጣ። ተባባሪ አዘጋጁ ማርቲን ዲላኒ ሲሆን በአሳታሚነት ዊልያም ኔል ተሰለፈ፤ ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። ከርዕሱ ሥር ያለው መፈክር ባጭሩ «መብት ጾታ የለውም፤ እውነት ቀለም የለውም» ብሎ ይጀምርና «እግዚአብሔር የሁላችን አባት ነው፣ ሁላችንም ወንድማማቾች ነን» ብሎ ይጨርሳል። ጾታ ያለው ለይስሙላ እንዳይመስላችሁ፤ በሐምሌ 1848 በሴኔካ ፎልስ የተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ጥሪ በዚህ ጋዜጣ ወጥቷል፣ የጉባኤው ዘገባም የታተመው በዚሁ ቢሮ ነው። በአንጻሩ «ኒውዮርክ ሄራልድ» የሮቸስተር ሰዎች ማተሚያውን ሐይቅ ውስጥ እንዲጥሉት፣ አዘጋጁንም ወደ ካናዳ እንዲያባርሩት መክሮ ነበር። ከተማው ምክሩን አልተቀበለም።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ የእርሳስ ፊደልን ግን በወሬ ብቻ ነው የማውቀው። እንዲህ ያለ ሳምንታዊ ጋዜጣ በእጅ እንዴት ይወጣ ነበር? ስንት ቀንስ ይፈጃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጊዜውን የሚበላው ፊደል ለቀማው ነውና ከእሱ እንጀምር። ለቃሚው ፊት ለፊት በብዙ ክፍል የተከፋፈሉ ሁለት ዘንበል ያሉ ሳጥኖች አሉ፤ በላይኛው ትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በታችኛው ትንንሹ። (የእኛ ለቃሚ ከ200 በላይ ፊደል ፊት ነበር የሚቆመው፤ በዚህ በኩል የሮቸስተሮቹ ዕዳ ገብስ ነው።) በግራ እጁ አጭር የብረት መደርደሪያ ይይዛል፤ በቀኙ ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሳ በቁሙ ይደረድራል። ፊደሉ የተቀረጸው እንደ መስታወት ምስል ስለሆነ መስመሩን የሚያነበው ተገልብጦ ነው። መስመሩ ሊሞላ ሲል በቃላቱ መካከል ስስ የእርሳስ ቁራጭ እየጨመረ ጫፍ ለጫፍ እኩል ያደርገዋል። እዚህ ላይ የሰነፈ በኋላ ይከፍላል፤ መስመሩ ከላላ ገጹ ታስሮ ሲነሳ ፊደሉ ይረግፋል፣ የአንድ ቀን ሥራም ወለል ላይ ይበተናል።

ጎበዝ ለቃሚ በሰዓት ከ1,500 እስከ 2,000 ፊደል ይለቅማል። በትንሽ ፊደል የተጨናነቀ አራት ሰፊ ገጽ ከ100,000 ፊደል በላይ ይፈልጋል። አስሉት፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ ከ50 ሰዓት ያላነሰ ሥራ ነው፣ ያውም እርማት ሳይቆጠር። ከታተመ በኋላ ደግሞ ፊደሉን አጥቦ ወደየክፍሉ መመለስ አለ። ቸኩሎ የመለሰ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት «ለ» ባለበት «ሰ» እያገኘ ይቸገራል። በእንግሊዝኛው ይበልጥ የሚምታቱት ቢና ዲ፣ ፒና ኪው ናቸው፤ ኤንና ዩም ሲገለበጡ ይመሳሰላሉ። በዘመኑ ጋዜጦች የምታዩት ስህተት አብዛኛው ከዚህ የመጣ እንጂ ሆሄ ካለማወቅ አይደለም።

ዳግላስ ልጆቹን ሙያውን ያስተማረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሉዊስና ታናሹ ፍሬድሪክ ፊደል ለቃሚዎች ሆነው አደጉ። ሉዊስ በ1869 ዋሽንግተን በሚገኘው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ሲቀጠር የከተማው የአታሚዎች ማኅበር በቀለሙ ምክንያት አባል አላደርግም አለው። በሙያው ግን እንከን ያወጣለት አልነበረም።

የተለቀመው ጽሑፍ በዓምድ በዓምድ ተደርድሮ በብረት ማዕቀፍ ውስጥ በሽብልቅ ይጠበቃል። አራት ገጽ ማለት አንድ ትልቅ ወረቀት ነው፤ በአንድ ፊት 1ኛና 4ኛ ገጽ፣ በሌላው ፊት 2ኛና 3ኛ። ውጪው አስቀድሞ በሳምንቱ መጀመሪያ ይታተማል፤ ስለዚህ ረጅም ንግግር፣ ግጥም፣ ማስታወቂያ፣ ከሌላ ጋዜጣ የተወሰደ ጽሑፍ እዚያ ይገባል። ውስጡ የመጨረሻ ነው። የአንድ ሳምንት ትኩስ ወሬና ርዕሰ አንቀጽ የሚገኘው ውስጥ የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬ በምስል ስታነቡትም በመጀመሪያው ገጽ ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉት፤ 2ኛውን ግለጡ።

ወረቀቱ በዋዜማው ይረጥባል። የዚያ ዘመን ወረቀት ከአሮጌ የጥጥና የተልባ እግር ጨርቅ የሚሠራና ላዩ የጠነከረ ስለነበር ደረቁን ቀለም በደንብ አይቀበልም። ጥቂት ጥቂት ወረቀት እያረጠቡ መደራረብ፣ ክብደት መጫን፣ እርጥበቱ እኩል እስኪዳረስ ማሳደር ነው። ከበዛ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል፤ ካነሰ ፊደሉ እየተዘለለ ይወጣል። የቀለም ሮለሩ ሌላ ጣጣ አለው። ከሙጫና ከሞላሰስ ተፈልቶ የሚሠራ ስለሆነ በበጋ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲብስም ይቀልጣል፤ በክረምት ይደርቅና ቀለሙን በእኩል አያዳርስም።

በእጅ ማተሚያ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ፤ አንዱ ቀለም ይቀባል፣ አንዱ ወረቀት አስገብቶ ማንሻውን ይስባል። ሁለቱ ከተናበቡ በሰዓት ከ200 እስከ 250 ጊዜ ይስባሉ። 3,000 ቅጂ በሁለት ፊት 6,000 ስበት ነው፤ ከ24 እስከ 30 ሰዓት ማለት ነው። በቀን አሥር ሰዓት ቢሠሩ ሦስት ቀን ሊሞላ ይችላል። የኒውዮርክ ታላላቅ ጋዜጦች ያን ጊዜ በእንፋሎት የሚዞር ማተሚያ ነበራቸው። ቀሪው ማጠፍ፣ የአንባቢውን ስም መጻፍና ፖስታ ቤት ማድረስ ነው።

ጥያቄ፦ ጽሑፋችሁ ላይ 3,000 ደንበኛ ነበረው ብላችኋል። ታዲያ ለምን ቤቱን እስከ ማስያዝ ደረሰ? ሒሳቡ አልገባኝም፤ እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያዋጣ ነበር። ዳግላስ ራሱ እንደጻፈው ጋዜጣው በሳምንት 80 ዶላር ይፈጅ ነበር፤ በዓመት 4,160 ዶላር። የዓመት ደንበኝነት 2 ዶላር ነው። ስለዚህ 2,080 ሰው በሙሉ ከከፈለ ወጪው ይሸፈናል፣ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው። «ከከፈለ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ነገሩ።

በየሳምንቱ በጋዜጣው ላይ የሚታተመው ውል እንዲህ ይላል፦ ሁለት ዶላር በዓመት፣ ምን ጊዜም በቅድሚያ፤ ከስድስት ወር ላነሰ ጊዜ ደንበኝነት አንቀበልም፤ ከአሥር መስመር ያልበለጠ ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ሲወጣ 1 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 25 ሳንቲም። «ምን ጊዜም» የሚለው ቃል የገባው ሰው ስለማይከፍል ነው። ደንበኛ ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ ጋዜጣው ይደርሰዋል፤ አዘጋጁ ካቋረጠበት አንባቢ ያጣል፣ ካላቋረጠበት ወረቀትና ቀለም ያጣል። የፀረ ባርነት ጋዜጣ ሲሆን ደግሞ ማቋረጡ ይከብዳል፤ ዓላማው ሰው እንዲያነብ ነዋ።

ሌላው መክሰሪያ ገንዘቡ ራሱ ነበር። በዚያን ጊዜ የወረቀት ገንዘብ የሚያወጡት በየግዛቱ ያሉ ባንኮች ናቸው። ከሩቅ ባንክ የወጣ የ2 ዶላር ኖት ሮቸስተር ሲደርስ ከዋጋው ይቀነስለታል፣ አንዳንዱም ባንኩ ከስሮ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይደርሳል። ደብዳቤው ሳይቀር ወጪ አለው። እስከ 1855 ድረስ ላኪው አስቀድሞ የመክፈል ግዴታ አልነበረበትም፤ ከ1845 እስከ 1851 ከ300 ማይል ባነሰ ርቀት 5 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ 10 ሳንቲም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ነበር። አንድ ሰው «ለምን ዘገየብኝ» ብሎ ሳይከፍል ቢጽፍ የቅሬታውን ዋጋ የሚከፍለው ጋዜጣው ነው። የዘመኑ አዘጋጆች «የፖስታ ክፍያው ያልተከፈለ ደብዳቤ አንቀበልም» እያሉ የሚያትሙት ወደው አልነበረም።

ማስታወቂያም ብዙ አያስገባም። ከደቡብ ጥጥ ጋር የተሳሰረ ነጋዴ ስሙ እዚህ ጋዜጣ ላይ እንዲታይ አይፈልግም።

አንባቢውስ ማን ነበር? ጋዜጣው በተጀመረ ሰሞን ዳግላስ አምስት ነጭ ደንበኛ ለአንድ ጥቁር እንደሆነ ተናግሯል፤ ቅር ብሎታል። «ሊበሬተር» በተቃራኒው ነው የተነሳው። ፊላደልፊያ የነበረው ጥቁሩ ሸራ ሰፊ ባለጸጋ ጄምስ ፎርተን የመጀመሪያው እትም ከመውጣቱ በፊት 54 ዶላር ልኮ 27 ደንበኛ አስመዝግቧል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም አብዛኛው የ«ሊበሬተር» ደንበኛ ጥቁር ነበር። ጋሪሰን ነጭ ሆኖ የጥቁሮች ሳንቲም አቆመው፤ ዳግላስ ጥቁር ሆኖ የእንግሊዝ ሴቶች ባዛር አቆመው። ታሪክ እንዲህ ይቀልዳል።

እንግሊዝ ካልን ጁልያ ግሪፊትስን ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1849 ከእንግሊዝ መጥታ ሒሳቡን ተረከበች። መጀመሪያ ያደረገችው እርስዎም የሚያደርጉትን ነው፤ የጋዜጣውን ገንዘብና የቤተሰቡን ገንዘብ ለያየች። ከዚያ ዕዳ ያለባቸውን ደንበኞች መጻፍ፣ ባዛር ማዘጋጀት፣ ከባሕር ማዶ መለመን። የታወቁ የባርነት ተቃዋሚዎች በፊርማቸው የሰጧቸውን ጽሑፎች ሰብስባ በ1853 እና በ1854 ሁለት የስጦታ መጽሐፍ አሳትማ ሸጠች። ዳግላስ ኋላ እንዳመሰገናት በአንድ ዓመት ውስጥ ሥርጭቱን ከ2,000 ወደ 4,000 አሳደገች፣ ዕዳውን ከፈለች፣ የተያዘውን ቤትም አስለቀቀች።

ጥያቄ፦ ስሙ ለምን ተቀየረ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ በ1851 አጋማሽ «የፍሬድሪክ ዳግላስ ጋዜጣ» ተባለ። እሱ የሰጠው ምክንያት «ኮከብ» የሚሉ ጋዜጦች በዝተው፣ የንጋት ኮከብ፣ የምሽት ኮከብ፣ ሰው ተምታታበት የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። ጌሪት ስሚዝ የተባለው የኒውዮርክ ባለ ርስት ባርነትን የሚቃወመውን የሊበርቲ ፓርቲን ጋዜጣ ከዚህ ጋር እንዲዋሐድ አድርጎ በገንዘብ ስለደገፈ አዲሱ ጋዜጣ አዲስ ስም አስፈለገው። ሳምንታዊው በ1860 ቆመ። ከ1858 ጀምሮ በተለይ ለእንግሊዝ አንባቢዎች ይወጣ የነበረው «የዳግላስ ወርኀዊ» እስከ ነሐሴ 1863 ቀጠለ። የቆመውም ዳግላስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመኮንንነት ሹመት ይሰጠኛል ብሎ ስለጠበቀ ነው፤ ሹመቱ አልመጣም። በዋሽንግተን ከ1870 እስከ 1874 የወጣው «ኒው ናሽናል ኢራ» ሌላ ነው፤ እሱ ከ9,000 እስከ 10,000 ዶላር አክስሮታል።

ጥያቄ፦ ከጋሪሰን ጋር የተጣሉት በጋዜጣው ምክንያት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መነሻው እሱ ቢሆንም ዋናው ጠብ የሕገ መንግሥት ጠብ ነው። ጋሪሰን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከባርነት ጋር የተደረገ ውል ነው፣ ስለዚህ ድምፅ መስጠትም ሆነ ምርጫ መወዳደር ከኃጢአት ጋር መተባበር ነው ይል ነበር። በ1854 የነጻነት በዓል ቀን በፍራሚንግሃም አንድ ቅጂውን በሕዝብ ፊት አቃጥሎታል። ዳግላስም በመጀመሪያ እንዲሁ ያምን ነበር። ጋዜጣ ሲይዝ ግን በየሳምንቱ መከራከርና መልስ መስጠት ግድ ሆነበት፤ ሕጉን ቁጭ ብሎ አነበበ፤ በሐሳቡም ጌሪት ስሚዝን ወደመሰሉት አዘነበለ። በግንቦት 1851 በሲራክዩስ በተደረገ ስብሰባ፣ ሕገ መንግሥቱ የባርነት ሰነድ ነው የማይል ጋዜጣ ድጋፍ አይሰጠው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ዳግላስ ተነስቶ ሐሳቤን ለውጫለሁ አለ። ጋሪሰን አንድ ተንኮል አለ ብሎ መለሰ፤ ስሚዝ ገዛው ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ የወረደው ወረደ። «ሊበሬተር» በፊት ገጹ «የጭቆና መጠጊያ» የሚል ዓምድ ነበረው፤ የባርነት ደጋፊዎችን ጽሑፍ ለማጋለጥ እንዳለ የሚያትምበት። በ1853 የዳግላስን ጽሑፎች እዚያ ዓምድ ውስጥ ከተተ። ጁልያ ግሪፊትስን ነካክቶም የቤት ጉዳይ ጋዜጣ ላይ አወጣ። በእኛ ፍርድ ይኼኛው የጋሪሰን ጋዜጣ 35 ዓመት ሙሉ ካወጣው ሁሉ ትንሹ ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር እንመስክርለት፤ «ሊበሬተር» 1,820 እትም ሳያቋርጥ አውጥቶ፣ ባርነትን ያስቀረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በጸደቀበት ወር፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1865፣ ሥራዬ አለቀ ብሎ በገዛ እጁ ተዘጋ። ይህን የሚያደርግ ጋዜጣ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ባሪያ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ያነቡት ነበር? (ከጅማ)

መልስ፦ በደቡብ፣ እጅግ ጥቂት። በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ፖስታውም አያሳልፍም። በሐምሌ 1835 በቻርለስተን ከሰሜን የመጡ የፀረ ባርነት ጽሑፎች ከፖስታ ቤት ተወስደው ተቃጥለዋል። ሆኖም አንድ ቀዳዳ ነበረ፤ አዘጋጆች ጋዜጣቸውን እርስ በርሳቸው ያለ ፖስታ ክፍያ ይለዋወጡ ነበር። የደቡብ አዘጋጅ «ሊበሬተር» ሲደርሰው ለመሳደብ ብሎ ቃል በቃል ያትመዋል፤ በዚሁ 3,000 ያህል ደንበኛ የነበረው ጋዜጣ አገር ምድሩን አዳረሰ። የጆርጂያ ምክር ቤት በ1831 ጋሪሰንን ይዞ ለሚያመጣ 5,000 ዶላር ያወጀው ጋዜጣው በእጁ ስለሚገባ ሳይሆን ስሙ በጆሮው ስለሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራ የዳግላስን ጋዜጣ በኢንተርኔት ስታነብ «ኢትዮፕ» ብሎ የሚፈርም ጸሐፊ አገኘች። ያን ጊዜ እዚያ ሀበሻ ነበር እንዴ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሀበሻ አይደለም፤ ልጅዎ ግን ጥሩ ነገር አግኝታለች። ዊልያም ጄ. ዊልሰን የተባለ የብሩክሊን ጥቁር መምህር የብዕር ስም ነው። በዘመኑ የእንግሊዝኛ አነጋገር «ኢትዮጵያ» የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስም ነበር፤ መሠረቱም መጽሐፍ ቅዱስ ነው። እኛ በዳዊት «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የምንለው፣ በእነሱ ቁጥር መዝሙር 68፥31፣ በጥቁር ሰባክያንና ጸሐፊዎች አፍ ከማንኛውም ጥቅስ ይልቅ የሚመላለስ ነበር፤ የነጻነት ተስፋ ቃል አድርገው ነው ያነበቡት።

ልጅዎ ብትቀጥል «ኮሚውኒፓው» የሚል ሌላ ፊርማ ታገኛለች። እሱ ዶክተር ጄምስ መክዩን ስሚዝ ነው፤ አሜሪካ አላስተምርም ስላለችው ግላስጎ ሄዶ በ1837 በሕክምና የተመረቀ፣ ዲግሪውን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ። ሁለቱ በጋዜጣው ላይ ይጎሻሸማሉ። «ኢትዮፕ» የተማረና የደላው የጥቁር ወገን እንዲታይ ይፈልጋል፤ «ኮሚውኒፓው» ደግሞ ጋዜጣ አዟሪውን፣ ጫማ ጠራጊውን፣ አጣቢዋን እያነሳ ስለ እነሱ ይጽፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ብታነብ ለትምህርት ቤት ሥራዋ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው «ኦሪጅናል የ1848 ሰሜን ኮከብ» ብሎ ሊሸጥልኝ ነው። ወረቀቱ ቡናማ ሆኗል፣ ሲነኩት ይሰባበራል፤ ስለዚህ አሮጌ መሆኑን አምኛለሁ። ልግዛ? (ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ ያሳመነዎት ነገር እኛን ያጠራጥረናል። የ1848 ጋዜጣ በጨርቅ ወረቀት ስለሚታተም ዛሬም ብዙውን ጊዜ ልስላሴው አይጠፋም፤ ቢቆሽሽም፣ የእርጥበት ጠባሳ ቢኖረውም በጣት ሲታጠፍ አይሰበርም። የሚቡነውና የሚሰባበረው ከእንጨት የሚሠራው ወረቀት ነው፤ እሱ ለጋዜጣ የተለመደው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ወረቀቱን ይመልከቱ። ቀጥሎ ገጹን በሰያፍ ብርሃን ስር ገልብጠው ጀርባውን ይዳስሱ፤ የእርሳስ ፊደል ወረቀቱን ስለሚጫነው ጉብታው ሊሰማዎት ይገባል። በፎቶ የተባዛ ቅጂ ልሙጥ ነው። ከዚያ ባለ አሥር እጥፍ ማጉያ ይያዙ፤ ፊደሉ ወይም ምስሉ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ሳይከራከሩ ይተዉት። በመጨረሻም ይዘቱን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ካስቀመጠው የዚያው ቀን እትም ጋር ያስተያዩ፤ የተሰበረ ፊደል፣ የተጣመመ መስመር፣ ሁሉም መመሳሰል አለበት። ይህ ሁሉ ቢሟላም ባለሙያ ሳያየው ገንዘብ አይስጡ።

ጋዜጣው በእርግጥ ብርቅ ነው። በሰኔ 1872 የዳግላስ የሮቸስተር ቤት ሲቃጠል የገዛ ጋዜጣው የተጠረዘ ስብስብ አብሮ ነደደ። ሃርቫርድ እሳት በማይደርስበት ቤተ መጻሕፍቱ ላስቀምጠው ብሎ አስቀድሞ ጠይቆት ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ቀረ። በ1848 እና በ1860 መካከል ከተናገርኩት ሊታወስ የሚገባ ቢኖር አብዛኛው እዚያ ነበር ብሎ ራሱ ጽፏል። አሁን ያለው ከየደንበኛው ቤትና ከየቤተ መጻሕፍቱ የተለቃቀመ ስለሆነ የጎደለ እትም ቢያጋጥማችሁ አትገረሙ።

በምስል ስታስሱ ሦስት ነገር ያዙ። ኮምፒዩተሩ የደበዘዘ ፊደል ሲያነብ ስለሚሳሳት ረጅም ሐረግ ሳይሆን አንድ ያልተለመደ ቃል ወይም ስም ፈልጉ። ዳግላስ የሚጻፈው በሁለት ኤስ ነው፤ በአንድ ኤስ ካስገባችሁ የኢሊኖይው ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ይጎርፍባችኋል፣ ጋዜጣው በ1850ዎቹ እሱን ሳይነቅፍ የዋለበት ሳምንት ጥቂት ነውና። ስሙም ስለተቀያየረ በአንዱ ርዕስ ብቻ ከፈለጋችሁ ቀሪው አይወጣም። የቤተሰብ ታሪክ ለሚያጠና ደግሞ «ገቢ» የሚለው ትንሽ ዝርዝር አለ፤ ማን ከየት ከተማ ስንት እንደከፈለ በስም ይዘረዝራል።

የሚቀጥለው ጥያቄያችሁ ስለ ኢላይጃ ላቭጆይ ከሆነ፣ በኦልተን ማተሚያው ተደጋግሞ የተሰበረበትና በኅዳር 7 ቀን 1837 ማተሚያውን ሲጠብቅ የተገደለው አዘጋጅ፣ ሁለት ደብዳቤ ደርሶናል፤ በሚቀጥለው እትም እንመልሳለን።